ክብደትን በየዙሩ በማደስ የስበት ኢንቨርዥን ሞዴልን ማጥራት፦ ገደቡ እንዴት ይመረጣል?

ጥያቄ፦ ከ«ጥልቅ ምድር»

ሰላም ለሁላችሁ። ባለ ሦስት አውታር የስበት ኢንቨርዥን፣ ማለትም በምድር ገጽ ከተለካ ስበት ተነስቶ ከሥር ያለውን የእፍግታ ሥርጭት የማስላት ሥራ፣ እየሠራሁ ነው። ዘዴውን በመስክ መረጃ ላይ ከማዋሌ በፊት ለመፈተኛ ያዘጋጀሁት ሰው ሠራሽ ሞዴል ቀላል ነው፤ ጎኑ 400 ሜትር የሆነ፣ ጣሪያው ከምድር ገጽ 200 ሜትር ወርዶ የተቀበረ፣ እፍግታው ከዙሪያው አለት በ0.3 ግራም በሴንቲ ሜትር ኩብ የሚበልጥ አንድ ኩብ ነው። ሞዴሉ የተከፋፈለባቸው ሴሎች ጎን በሁሉም አቅጣጫ 50 ሜትር ነው። ከሞዴሉ ባሰላሁት መረጃ ላይ መደበኛ ልይይቱ 0.02 ሚሊጋል (የስበት መለኪያ አሃድ) የሆነ የጋውስ ኖይዝ (የዘፈቀደ ስህተት) ጨምሬበታለሁ፤ የአኖማሊው (ኩቡ የሚፈጥረው የስበት ልዩነት) ጫፍ 0.8 ሚሊጋል ገደማ ስለሆነ ምልክቱ ከኖይዙ በግልጽ ጎልቶ ይታያል።

የመጀመሪያው ደረጃ፣ ማለትም በሞዴሉ መጠንም ሆነ በግራዲየንቱ (ከሴል ወደ ሴል ባለው ለውጥ) ላይ የካሬ ኖርም (ዋጋዎችን በካሬያቸው የሚቀጣ መለኪያ) የሚጠቀመው የተለመደው ኢንቨርዥን፣ ያለ ችግር ይሄዳል። ሚስፊቱ (ሞዴሉ ከመረጃው የራቀበት መጠን) ከመረጃ ነጥቦቹ ብዛት ጋር እኩል እስኪሆን ወርዶ ይቆማል። የሚገኘው አካል ግን ጠርዝ የለውም፤ ወደ ጎንም ወደ ታችም ተሰራጭቶ፣ መሀሉ ላይ እንኳ እፍግታው ከ0.1 አያልፍም። የካሬ ኖርም ተፈጥሮ ይህ መሆኑን ስለማውቅ እዚህ ላይ ቅሬታ የለኝም።

ችግሩ የሚጀምረው ሞዴሉን ለማጥራት ክብደቱን (በየሴሉ ላይ የሚጫነውን የቅጣት መጠን) በየዙሩ ማደስ ስጀምር ነው። ለመጠኑም ለግራዲየንቱም ፒን (የኖርሙን ኃይል፤ ለካሬ ኖርም 2 ነው) 0 አድርጌ፣ የየሴሉን ዋጋ ካሬ ከኤፕሲሎን (በርዕሱ ገደብ ያልኩት ትንሽ ቁጥር) ካሬ ጋር ደምሬ፣ ድምሩን ወደ (ፒ/2 − 1) ኃይል ከፍ በማድረግ ክብደቱን አገኛለሁ። ኤፕሲሎንን ለሁለቱም 0.01 ብዬ ከመጀመሪያው ዙር ጀምሮ ሳልቀይረው እጠቀማለሁ። የማገኘው ውጤት ከምድር ገጽ አቅራቢያ የተበታተኑ ጥቃቅን ጓሎች ናቸው፤ በየጓሉ ዙሪያ ደግሞ ጠርዙ ሊጠራ ሲገባው ለስላሳ ጭጋግ የመሰለ ነገር ይቀራል። ሚስፊቱም ከዙር ወደ ዙር ከፍና ዝቅ ይላል፤ ቤታን (ቅጣቱ ከሚስፊቱ አንጻር ያለውን ሚዛን) ስቀንሰው መጠኑ ይስተካከልና የአካሉ ቅርጽ ፈጽሞ ይለወጣል።

ኤፕሲሎንን በምን መሠረት ልምረጥ? ጠርዙስ ፒ 0 ሆኖ ሳለ ለምን አልጠራም? ወይስ ይህ የዘዴው ጠባይ ስለሆነ ፒን 1 ላይ አቁሜ መተው ይሻለኛል? ለምትሰጡኝ ማብራሪያ አስቀድሜ አመሰግናለሁ።

መልስ፦ ከ«ስሌት በየዙሩ»

ጥያቄዎን በቁጥር አስደግፈው ስላቀረቡ ምክንያቱን ማየት ይቻላል። ሁለት ነገሮች ተደርበውብዎታል፤ አንደኛው ኤፕሲሎን ከመነሻው እጅግ ትንሽ መሆኑ ሲሆን፣ ሁለተኛው ለመጠኑና ለግራዲየንቱ አንድ ዓይነት ኤፕሲሎን መሰጠቱ ነው። የመጀመሪያው ጓሎቹን ይፈጥራል፤ ሁለተኛው ጭጋጉን ያስቀራል።

በመጀመሪያው ልጀምር። ለስላሳው ሞዴልዎ መሀል ላይ 0.1 የሆነ ሴል፣ ዳር ላይ ደግሞ 0.005 የሆነ ሌላ ሴል አለ እንበል። ፒ 0 ሲሆን ክብደቱ ከካሬዎቹ ድምር ጋር የተገላቢጦሽ ስለሚሄድ፣ ኤፕሲሎን 0.1 ከሆነ የመሀሉ ሴል ክብደት 50፣ የዳሩ 100 ገደማ ይሆናል፤ ስለዚህ የዳሩ ሴል የሚጫንበት ቅጣት በ2 እጥፍ ብቻ ይበልጣል። ኤፕሲሎን ወደ 0.01 ሲወርድ የመሀሉ 99፣ የዳሩ 8000 ይሆንና ልዩነቱ ወደ 81 እጥፍ ያድጋል። 0.001 ላይ ሲደርስ ደግሞ ልዩነቱ 385 እጥፍ ገደማ ነው። በሌላ አነጋገር እርስዎ ገና በመጀመሪያው ዙር፣ ለስላሳው ሞዴል ትልቅ ዋጋ የሰጣቸውን ሴሎች ሁሉ «እውነተኛ» ብለው አጽድቀው፣ የቀሩትን ወደ ዜሮ እንዲጨፈለቁ ፈርደውባቸዋል። ለስላሳው ሞዴል ግን በዚያ ደረጃ የአካሉን ቦታ በጥቅሉ ከመጠቆም ያለፈ እምነት ሊጣልበት አይገባም። አንድ ሴል በኖይዝ ምክንያት ከጎረቤቱ ጥቂት ከፍ ብሎ ቢገኝ፣ በቀጣዩ ዙር ቅጣቱ ስለሚቀልለት የበለጠ ያድጋል፤ ስላደገም ቅጣቱ ይበልጥ ይቀልለታል። ጓሎቹ የተፈጠሩት በዚህ መንገድ ነው።

ፒ ከ1 በታች ሲሆን የሚቀነሰው ፈንክሽን ኮንቬክስ (እንደ አንድ ጎድጓዳ ሳህን ያለ ቅርጽ) ስላልሆነ ብዙ የየአካባቢው ዝቅተኛ ነጥቦች አሉት፤ ስለዚህ የሚደረስበት መልስ በተነሱበት ቦታና በተጓዙበት መንገድ ይወሰናል። ኤፕሲሎን ትልቅ ሲሆን ፈንክሽኑ ከካሬ ኖርም ብዙም አይርቅም፤ ቀስ በቀስ እየቀነሰ ሲሄድ ግን ቅርጹ ወደሚፈለገው ኖርም ይለወጣል። ስለዚህ ኤፕሲሎንን ከለስላሳው ሞዴል ትልቁ ፍጹም ዋጋ፣ በእርስዎ ሁኔታ ከ0.1፣ አስጀምረው በየዙሩ በመጠኑ እየቀነሱ፣ «ከዚህ በታች ያለውን ከዜሮ አልለየውም» እስከሚሉት እፍግታ ድረስ ያውርዱት። የመጨረሻው ኤፕሲሎን ትርጉም ይኸው ነው፤ መረጃዎ ከዚያ ያነሰ የእፍግታ ልዩነትን መለየት የማይችል ከሆነ ዝቅ ማድረጉ ጥቅም የለውም፤ ስሌቱንም ያስቸግረዋል።

አሁን ወደ ጭጋጉ። የመጠኑ ቃል (በሚቀነሰው ድምር ውስጥ የመጠኑ ድርሻ) የሚለካው በእፍግታ ሲሆን፣ የግራዲየንቱ ቃል የሚለካው በእፍግታ በሜትር ነው። እርስዎ በሠሩት ሞዴል እውነተኛው ጠርዝ ላይ እንኳ ዝላዩ 0.3 ለ50 ሜትር ተካፍሎ 0.006 ብቻ ነው። ኤፕሲሎን 0.01 ሲሆን እዚያ ጠርዝ ላይ ክብደቱ 7353፣ ምንም ለውጥ በሌለበት ሜዳማ ቦታ ደግሞ 10000 ይሆናል፤ ልዩነቱ 1.36 እጥፍ ብቻ ነው ማለት ነው። በለስላሳው ሞዴል ውስጥ ያለው ግራዲየንት ከዚህ እጅግ ያነሰ ስለሆነ በክብደቶቹ መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አይኖርም። ስለዚህ የግራዲየንቱ ፒ 0 ነው ብለው ቢጽፉም ስሌቱ የሚያየው 2 ነው። መጠኑ በኃይል ይጨፈልቃል፣ ግራዲየንቱ ያለሰልሳል፤ ያገኙት ሥዕል የሁለቱ ቅይጥ ነው። ለግራዲየንቱ የራሱን ኤፕሲሎን ይስጡት፤ መነሻውንም ከለስላሳው ሞዴል ትልቁ ግራዲየንት ይውሰዱ። አንዳንድ ፕሮግራሞች በሴል ርቀት ሳያካፍሉ የጎረቤት ሴሎችን ልዩነት ብቻ ስለሚወስዱ፣ የእርስዎ ፕሮግራም የትኛውን እንደሚያደርግ ከኮዱ ያረጋግጡ።

ሚስፊቱ የሚዋዥቀው ደግሞ ክብደቱ በተለወጠ ቁጥር የሬጉላራይዜሽኑ (በሞዴሉ ላይ የሚጫነው ቅጣት) ጠቅላላ መጠን ስለሚለወጥ ነው። ቤታን ቋሚ አድርጎ መተው አይቻልም። ከየዙሩ በኋላ የዒላማውን ሚስፊት ለተገኘው ሚስፊት አካፍለው ቤታን በዚያ ያባዙት፤ ሚስፊቱ ከዒላማው ከጥቂት በመቶ በላይ ሲርቅ ኤፕሲሎንን ለጊዜው ሳይቀንሱ ቤታ እስኪያስተካክለው ይጠብቁ። የሞዴሉ ቅርጽ የሚለወጠው መረጃው ገጥሞ በቆየበት ሁኔታ ብቻ መሆን አለበት። ይህን ደንብ አጥብቄ የምይዘው፣ ሚስፊቱ ካመለጠ በኋላ የሚታየው ጥራት ከመረጃው የመጣ ስለማይሆን ነው።

መልስ፦ ከ«የማትሪክስ ጎን»

ከላይ በተሰጠው ማብራሪያ እስማማለሁ፤ ጓሎቹ ለምን ወደ ምድር ገጽ እንደወጡ ግን ሌላ ምክንያት ሊኖር ስለሚችል እሱን ልጨምር።

የስበት ከርነል (አንድ ሴል በመለኪያ ነጥቡ ላይ ያለው ተጽዕኖ) በርቀት ካሬ ስለሚደክም፣ ምንም ካልተደረገ ማንኛውም ኢንቨርዥን አካሉን ወደ ገጹ ይጎትተዋል። ሊ እና ኦልደንበርግ እ.ኤ.አ. በ1996 ለማግኔቲክ፣ በ1998 ደግሞ ለስበት ያቀረቡት የጥልቀት ክብደት ይህን ለማካካስ የተበጀ ነው፤ በሞዴሉ ፈንክሽን ውስጥ በካሬ ሲገባ ለስበት በጥልቀት 2ኛ ኃይል፣ ለማግኔቲክ በ3ኛ ኃይል ገደማ እየቀነሰ ይሄዳል። ብዙ ሰው የሚያመልጠው ነገር ክብደቱን በየዙሩ ማደስ ሲጀመር አዲሱ ክብደት በአሮጌው ቦታ መተካቱ ነው። አዲሱ ክብደት ከጥልቀት ክብደቱ ጋር መባዛት አለበት እንጂ ሊተካው አይገባም። የመጀመሪያው ደረጃ በትክክለኛው ጥልቀት ላይ አካል ሰጥቶዎት ሁለተኛው ወደ ላይ ካወጣው፣ መጀመሪያ የምጠረጥረው ይህን መስመር ነው።

ሌላው የሁለቱ ቃላት ሚዛን ነው። የመጠኑን ቃል ተዳፋት (የሴሉ ዋጋ ሲለወጥ ቅጣቱ የሚለወጥበትን ፍጥነት) እንመልከት፤ ፒ 2 ሲሆን ትልቁ ተዳፋት ከሞዴሉ ትልቅ ዋጋ ጋር እኩል ነው፣ በእርስዎ ለስላሳ ሞዴል 0.1 ማለት ነው። ፒ 0 ሲሆን ግን ትልቁ ተዳፋት የሚገኘው የሴሉ ዋጋ ከኤፕሲሎን ጋር እኩል በሆነበት ቦታ ሲሆን፣ መጠኑም 1 ለ2 ኤፕሲሎን ሲካፈል ነው። ኤፕሲሎን 0.01 ከሆነ 50 ይደርሳል። ስለዚህ ኖርሙን ብቻ ስለቀየሩ የመጠኑ ቃል ጉልበት 500 እጥፍ አደገ፤ በለስላሳው ደረጃ በጥንቃቄ የመረጧቸው የአልፋ ቁጥሮች (የቃላቱ ሚዛኖች) ሁሉ ትርጉም አጡ። ፉርኒየ እና ኦልደንበርግ እ.ኤ.አ. በ2019 ባሳተሙት ሥራ፣ የእያንዳንዱን ቃል ትልቁ ተዳፋት እኩል እንዲሆን በየዙሩ በሚሰላ መጠን ማባዛትን ያቀረቡት ይህን ችግር ለመፍታት ነው። ለመጠኑ አንድ ፒ፣ ለየአቅጣጫው ግራዲየንት ሌላ ሌላ ፒ ሲቀላቀል አንዱ ቃል ሌላውን እንዳይውጠው የሚያደርገው ይህ ማመጣጠን ነው። ሲምፔግ የተባለው በፓይተን የተጻፈ ነጻ ፕሮግራም ይህን አሠራር ስለያዘ፣ የራስዎን ኮድ ከእሱ ውጤት ጋር በተመሳሳይ ሰው ሠራሽ ሞዴል ላይ ቢያስተያዩ ስህተቱ የት እንዳለ በፍጥነት ያገኙታል።

ፒን 1 ላይ ስለማቆም ለጠየቁት፣ እንደ አማራጭ አልንቀውም። ኮንቬክስነቱ ስለማይጠፋ በመነሻው ላይ ያለው ጥገኝነት ይቀንሳል፤ ከላይ በተሰጠው የ0.1 እና የ0.005 ምሳሌ ኤፕሲሎን 0.01 ሲሆን የቅጣቱ ልዩነት 9 እጥፍ ብቻ ነው። ነገር ግን ትልልቅ ዋጋዎችንም ስለሚቀጣ እፍግታው ከእውነተኛው ዝቅ ብሎ ይቀራል። እኔ ፒ 1ን ለማመሳከሪያ አስልቼ አስቀምጥና ወደ 0 ስወርድ ምን እንደተለወጠ እመለከታለሁ።

ተጨማሪ ጥያቄ፦ ከ«ጥልቅ ምድር»

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የግራዲየንቱን ኤፕሲሎን ለይቼ፣ ሁለቱንም ከትልቁ ዋጋ አስጀምሬ ቀስ በቀስ ሳወርድ፣ የጥልቀት ክብደቱንም ሳባዛ ጓሎቹ ጠፍተው አንድ ወጥ አካል ተገኘ። አሁን ግን ሌላ ነገር አሳሰበኝ። እፍግታው ላይ ገደብ ባልጣልኩበት ጊዜ አካሉ ከእውነተኛው ኩብ ያነሰና እፍግታው ከ0.3 የሚበልጥ ሆነ፤ መረጃው ግን እንከን በሌለው ሁኔታ ይገጥማል። ደግሞም ኩቡን በዘመመ ጠፍጣፋ አካል ስተካው ውጤቱ እንደ ደረጃ የተሰባበረ ሆነ። በመስክ መረጃ ላይ እውነተኛው መልስ በእጄ ስለማይኖር፣ ከዚህ ጥርት ያለ ሥዕል የትኛውን ክፍል ልመን?

መልስ፦ ከ«ስሌት በየዙሩ»

በአካሉ ማነስ አይደነቁ፤ ዘዴው የተጠየቀውን ፈጽሟል። ላስት እና ኩቢክ እ.ኤ.አ. በ1983 ይህን ዓይነት ክብደት በስበት ላይ ሲያቀርቡ የሚፈልጉት የአካሉን ስፋት (የሚይዘውን ቦታ፣ ማለትም ይዘቱን) ትንሹ ማድረግ ነበር፤ በመጠን ላይ ፒ 0 ማለት ከዜሮ የተለዩ ሴሎችን ቁጥር ማሳነስ ስለሆነ፣ እፍግታ ገደብ ካልተጣለበት አካሉ እየጠበበ እፍግታው እየጨመረ መሄዱ አይቀርም። እነሱም የእፍግታ ጣሪያ አስገብተው ነበር። የስበት መረጃ በጋውስ ሕግ አማካይነት በደንብ የሚወስነው ጠቅላላውን ትርፍ ክብደት (የቅጣቱን ክብደት ሳይሆን አካሉ ከዙሪያው አለት አስበልጦ የያዘውን የቁስ መጠን) ነው። የእርስዎ ኩብ ስፋቱ 64 ሚሊዮን ሜትር ኩብ፣ ትርፍ እፍግታው 300 ኪሎ ግራም በሜትር ኩብ ስለሆነ ትርፍ ክብደቱ 19.2 ሚሊዮን ቶን ነው። ለስላሳው ሞዴልዎም፣ ፒ 1ም፣ ፒ 0ም በየሴሉ ያለውን እፍግታ በስፋቱ አባዝተው ቢደምሩት፣ የመለኪያ ነጥቦቹ አካሉን በሰፊው እስከ ከበቡት ድረስ፣ ወደዚህ ቁጥር የቀረበ ድምር ይሰጡዎታል። ስለዚህ ትርፍ ክብደቱንና አግድም ማዕከሉን ይመኑ። እፍግታውና ስፋቱ ግን እርስ በርስ የሚካካሱ ስለሆኑ አንዱን ከሌላ ምንጭ ማምጣት ግድ ነው፤ ከቁፋሮ ናሙና የተለካ እፍግታ ካለ እሱን እንደ ጣሪያ ይጠቀሙበት፤ ያን ጊዜ የአካሉ ስፋት ትርጉም ያገኛል።

የጠርዙ አቀማመጥ ከሁለቱ መሀል ነው። በተለያየ ፒ፣ በተለያየ የመጨረሻ ኤፕሲሎንና በተለያየ የአልፋ ሚዛን ብዙ ሞዴሎችን ያስሉ፤ ሁሉም ዒላማው ሚስፊት ላይ የቆሙ ይሁኑ። በሁሉም ውስጥ ከቦታው የማይነቃነቅ ጠርዝ በመረጃው የተደገፈ ነው፤ የሚንሸራሸረው ግን በኖርሙ ምርጫ የመጣ ነው። በስበት ላይ አብዛኛውን ጊዜ የአካሉ ጣሪያ ቦታውን ሲጠብቅ ወለሉ ይንሸራሸራል። አንድ ጥርት ያለ ሞዴል ብቻ አስልቶ በሪፖርት ላይ ማስቀመጥን የማልደግፈው በዚህ ምክንያት ነው፤ ጥርት ያለ ቀለም ያለው ሥዕል ያየ አንባቢ ወለሉንም እንደ ጣሪያው ያምነዋል፣ ጉድጓድ የሚቆፈርበት ጥልቀትም በዚያው ይወሰናል።

መልስ፦ ከ«የማትሪክስ ጎን»

ስለ ዘመመው አካል፦ ግራዲየንቱ የሚሰላው በሴሎቹ ሦስት አቅጣጫዎች ስለሆነ፣ ፒ 0 ሲሆን ከእነዚያ አቅጣጫዎች ጋር ትይዩ ያልሆነ ጠርዝ ብዙ ቅጣት ይደርስበታል፤ ደረጃው የተፈጠረው በዚህ ምክንያት ነው። ሴሎቹን ማሳነስ ደረጃዎቹን ያደቅቃል እንጂ አያጠፋቸውም። ሁለት መፍትሔዎች አሉ። የአካሉን የዝመት አቅጣጫ ከጂኦሎጂ ካርታ የሚያውቁ ከሆነ የግራዲየንት ኦፕሬተሩን በዚያ ልክ አዙረው፣ በንጣፉ አቅጣጫ ፒ 2፣ ለንጣፉ ቀጥ ባለው አቅጣጫ ፒ 0 ያድርጉ፤ ያን ጊዜ አካሉ በርዝመቱ ለስላሳ፣ በጠርዙ ጥርት ያለ ይሆናል። አቅጣጫውን የማያውቁ ከሆነ ደግሞ ሦስቱን ግራዲየንቶች ለየብቻ ከመመዘን ይልቅ የካሬዎቻቸውን ድምር ወስደው ለሦስቱም አንድ የጋራ ክብደት ይስጡ። ፖርትኒያጊን እና ዥዳኖቭ እ.ኤ.አ. በ1999 ያቀረቡት የግራዲየንት ድጋፍን የማሳነስ ዘዴ በዚህ ዓይነት የጋራ መጠን ላይ የተመሠረተ ሲሆን፣ ለሴሎቹ አቅጣጫ ያለውን አድልዎ ይቀንሳል።

ወደ መስክ መረጃ ሲሻገሩ አንድ ተጨማሪ ነገር ያስፈልግዎታል። ሰው ሠራሹ መረጃዎ የጋውስ ኖይዝ ብቻ ስላለው የካሬ ሚስፊት ይበቃዋል፤ በመስክ ግን የከፍታ ልኬቱ የተሳሳተ አንድ ጣቢያ አይጠፋም። ከመደበኛ ልይይቱ 10 እጥፍ የራቀ አንድ ነጥብ በካሬ ሚስፊት ላይ 100 ይጨምራል፤ ሞዴሉን ለማጥራት የሚጥረው ስሌትም እሱን ለመግጠም ሲል ከጣቢያው ሥር አንድ ጥቅጥቅ ያለ ሴል ይተክላል። ክብደትን በየዙሩ የማደሱ ዘዴ በሚስፊቱ በኩልም ይሠራል፤ ፋርኳርሰን እና ኦልደንበርግ እ.ኤ.አ. በ1998 ሁለቱንም በአንድ ማዕቀፍ አቅርበውታል። ለሚስፊቱ ፒን 1 ካደረጉ ያ ነጥብ የሚጨምረው 10 ብቻ ነው። በዚህ ጊዜ ዒላማውን መቀየር አይርሱ፤ በመደበኛ ልይይቱ የተካፈለ የጋውስ ስህተት ፍጹም ዋጋ በአማካይ 0.8 ገደማ ስለሆነ፣ ዒላማው ከነጥቦቹ ብዛት ወደ 0.8 እጥፉ መውረድ አለበት፤ ሳይቀየር ከቀረ ቤታ ከሚገባው በላይ ከፍ ብሎ ይቆምና ጥሩዎቹ ነጥቦች ሳይገጥሙ ይቀራሉ።